ከአዳይቱ የወሰድኩት አፈር

ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ሳስተምር ሰው የማላምን ነበርኩ። ሾፌሩ «ነዳጅ አልቋል» ቢለኝ ጎንበስ ብዬ ራሴ አያለሁ። አዋሽ ዳር ባለችው አዳይቱ ግን ከእኔ የባሰ ተጠራጣሪ ገጠመኝ።

የፈለግኩት ከወንዙ ዳር፣ ከግራር ሥር፣ ጥቂት አፈር ነበር። አፈር ውስጥ ሌሎች ጀርሞችን የሚገድል ነገር የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ብዙ አንቲባዮቲክ የተገኘው ከእነሱ ነው። መቆፈር ስጀምር ግመሎቻቸውን ውሃ ያጠጡ የነበሩ አንድ አዛውንት መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ምን ጠፋብሽ?»

«መድኃኒት እየፈለግኩ ነው፣ አባባ።»

«ከዓመታት በፊትም ሰዎች መጥተው በፌስታል አፈር ወሰዱ። ለጥናት ነው አሉ። ከዚያ ዶዘር መጣ፣ ጥጥ ተዘራ። ግመሎቼ እዚያ ማዶ ድርሽ እንዳይሉ ተከለከሉ።»

እሳቸውን ብሆን እኔም አላምነኝም። ትክ ብለው አዩኝና «ውሰጂ፤ የሆነውን እንሰማለን» አሉ። ዛቻ መሰለኝ።

ከሳምንታት በኋላ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጀርም ባሳደግኩበት ሳህን ላይ፣ ከዚያ አፈር የወጣች አንዲት ነጭ የባክቴሪያ ነጥብ ዙሪያዋን ያለውን ጀርም ጥርግ አድርጋ አጥፍታው አገኘኋት። አላመንኩም። ቴክኒሻኑን ጠረጠርኩ፣ የገዛ እጄን ጠረጠርኩ፣ የሚቆራረጠውን መብራት ጠረጠርኩ። ደግሜ ብሠራውም ያው ሆነ። በደስታ የምሆነውን አጣሁ፤ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ፣ ለግቢው የአፋር ዘበኛ ሳይቀር።

ሥራውን ለመቀጠል ከዚያው ቦታ ተጨማሪ አፈር ያስፈልገኝ ነበር። አዳይቱ ስደርስ አዛውንቱ ከግራሩ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኛል። አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ዳጉ ሳይቀመጡ፣ ያዩትንና የሰሙትን ሳይነጋገሩ አይለያዩም። ለዘበኛው ያወራሁት ወሬ፣ መመለሴም ጭምር፣ በጂቡቲ መንገድ ከመኪናዬ ቀድሞ ደርሷል።

«አፈሩ ጥሩ ነው ብለሻል አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አባባ! እንኳን ደስ ያለዎት!»

ፊታቸው አልተፈታም። ወደ ግመሎቻቸው አዩ።

«ወላሂ፣ ምንም አይገኝበት ብዬ ዱዓ ሳደርግ ነው የከረምኩት» አሉኝ። «ጥሩ ከሆነማ ማን ይተውልናል?»

ማንም አይነካባችሁም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እውነት ይሁን አይሁን ግን አላውቅም ነበር።