ለጉድጓዱ የተለቀመ ድንጋይ

ለይኩን ከሽንፋ ወንዝ ዳር ድንጋይ መልቀም የጀመረ ሰሞን ክፉ ነገር አደርጋለሁ ብሎ አላሰበም። ክብ ክቡን፣ ለስላሳውን፣ ለእጅ የሚመቸውን ይመርጣል። በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ያመጣና ከጉድጓዱ አጥር ሥር ይከምረዋል። ጎብኚ ሲመጣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ያድላል። ጎብኚው በብረት መደገፊያው ላይ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ይለቀዋል፤ ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ድንጋዩ የጠፋ እስኪመስል ይቆይና ከታች፣ ከሩቅ፣ ውኃው እንቦጭ ይላል። ከዚያ ሣቅ ነው፣ ጭብጨባ ነው። ከጎንደር በሚኒባስ እንግዳ እያመጣ የሚመልሰው አስጎብኚ፣ ባየልኝ የሚሉት አፈ ጮሌ ጎልማሳ፣ «ታሪክ ሲመልስላችሁ ሰማችሁ?» ይላቸዋል።

ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረው የሚያውቅ የለም። ከጥቁር ዐለት የተፈለፈለ ነው። አንዳንዱ የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ሥራ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ከእነሱም በፊት በዚህ ቆላ የነበረ፣ ስሙ እንኳ ያልቀረ ሕዝብ ነው ይላል። ጎብኚን የሚጠራው ግን ጥልቀቱ ሳይሆን ከንፈሩ ነበር። የጉድጓዱ ከንፈር ዙሪያውን ተቦርቡሯል፤ ቡርቡሩ ውስጥ ጣት ቢያስገቡ እስከ አንጓ ይውጣል። ያን ሁሉ የበላው ገመድ ነው። አንዱ ትውልድ ቀድቶ ለሌላው ሲለቅ፣ ለስላሳው ጠንካራውን ጥቂት በጥቂት ልጦት፣ ማንም እጽፋለሁ ሳይል የተጻፈ ጽሕፈት። እንዲህ ያለውን ምልክት ሰው አቅዶ አይሠራውም። ውኃ ጠምቶት ሲመላለስ ይተወዋል እንጂ።

ለይኩን የዚህ አገር ሰው አልነበረም። በወጣትነቱ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወረደ፤ ከአብደራፊ እስከ ሸሕዲ እርሻ ለእርሻ ሲንከራተት ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ያዘው፤ ሆዱ ተነፍቶ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ከዚህች መንደር ደጃፍ ወደቀ። ሳሉግ ይሉታል በዚህ ቆላ እንዲህ ያለውን፣ ለአጨዳ መጥቶ መመለሻ ያጣውን። በመንደሩ መግቢያ ሱቅ የነበራቸው እማማ ኩብራ አነሡት። ራኩባ በሚሉት የሣር ዳሳቸው ሥር አስተኝተው፣ ከዚያ ጉድጓድ እያስቀዱ ውኃ አጠጡት፤ መርፌውንም እስኪጨርስ ሐኪም ዘንድ አመላለሱት።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ መንደሩ ጉድጓዱን ይጠርግ ነበር። ወንዶቹ ገመዱን ይይዛሉ፤ አንድ ቀላል ሰው ይወርድና ደለሉን፣ ሥሩን፣ የወደቀውን ሁሉ እየዛቀ በባልዲ ይልካል። በዚያ ዓመት ከለይኩን የቀለለ አልተገኘም።

«ገመድ ምን ያደርግለታል» አለ አንዱ፣ «እፍ ብንለው ይወርድ የለ።»

ሳቁበት፤ አብሮ ሳቀ፤ ወረደ። ከላይ «ውኃ?» እያሉ ይጠይቁታል። ምን ብሎ እንደሚመልስ ያስተማሩት እማማ ኩብራ ናቸው። «ሊሳ» ነው የሚባለው፤ በሱዳን ዓረብኛ «ገና ነው» ማለት ነው። ሊሳ፣ ሊሳ እያለ ሲቆፍር ከዐለቱ ስንጥቅ አንዳች ቀዝቃዛ ነገር እግሩን ላሰው። ሲጮህ ከላይ እልልታ ሆነ። ጎትተው ካወጡት በኋላ ሳሉግ ብሎ የጠራው ሰው የለም። ያን ዕለት ለእማማ ኩብራ ቃል ሰጣቸው፤ በሕይወት እያለሁ የዚህ ጉድጓድ ጉሮሮ አይዘጋም አላቸው። ከዚያም ዓመት በዓመት እሱ ነበር የሚወርደው።

ኋላ ጉድጓዱ ቅርስ ነው ተባለ። ከቅርስ ቢሮ ሰዎች መጥተው ለኩ፣ ፎቶ አነሡ፣ አጠሩ። ለጎብኚ መደገፊያ ብረት ተተከለ፤ በሩ ተቆለፈ፤ ለይኩን በደመወዝ ጠባቂ ሆነና ቁልፉን ያዘ። ገመድ ከንፈሩን ይጎዳል ተብሎ መቅዳት ተከለከለ። መጥረጉም ቢሆን ባለሙያ አጥንቶ እስኪፈቅድ ይቆይ ተባለ። ገመድ የሠራውን ለማየት ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ገመዱ ራሱ ግን አይገባም። ይህን ነገር መንደሩ ውስጥ ያሰበበት ሰው ነበረ ወይ ቢባል አልነበረም። በመንደሩ ዳር የእጅ ፓምፕ ተተክሎላቸው ነበር፤ ፓምፑ ደግሞ ከገመድ ይቀላል። ሁሉም ደስ ብሎት ጉድጓዱን ተወው።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ለይኩን አንድ ነገር ሰማ። ለጊዜው ጆሮውን ጠረጠረ።

«ባየልኝ፣ ድምፁ ቀርቧል» አለ፣ እንግዶቹ ወደ መኪና ሲመለሱ።

«የቱ ድምፅ ጋሼ?»

«የድንጋዩ። ድሮ እስኪሰማ ምራቄን እውጥ ነበር። አሁን ሳልውጥ ይደርሳል።»

ባየልኝ ሳቀ። «ታዲያ ምን ከፋዎ? እንግዳ መጠበቅ አይወድ።»

እማማ ኩብራም አንድ ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆመው እንግዶቹ ሲጥሉ አዳመጡ። ሰዉ ሲበተን ወደ ሽቦው ጠጋ አሉ።

«አንተ ጎጃሜ፣ እኔ ከዚህ ውኃ አጠጣሁህ። አንተ ድንጋይ ታበላዋለህ?»

«ኧረ እማማ፣ አንድ ድንጋይ ምን ያደርገዋል ብለው ነው?»

«አንድ ገመድስ ምን ያደርገው ነበር?» አሉትና ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ሄዱ።

ለቅርስ ቢሮው ሊነግር አሰበ፤ አድሮ ተወው። ደመወዙ እንዳይቀርበት ፈርቶ ብቻ አይደለም። ድንጋዩ ከእጅ ወጥቶ ድምፁ እስኪመለስ ባለችው ቅጽበት የሰዉን ፊት ማየት ይወድ ነበር፤ ትልልቁ ሰው ሁሉ ሕፃን ይሆናል። ያን ደስታ የሚያድለው እሱ ነው፤ ለአንድ የቀድሞ ሳሉግ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ለሚመጣው ግንቦት እነግራቸዋለሁ አለ። ግንቦቱ ደረሰ፤ ለሚመጣው አለ። ድምፁ በየዓመቱ ጥቂት እየቀረበ፣ እንደሚመጣ ሰው ኮቴ፣ ወደ ላይ ወጣ።

ከዚያ መንገዱ ከፋ። እገታ መጣ፣ ተኩስ መጣ። የባየልኝ ሚኒባስ አንድ ቀን ከሸሕዲ ተመለሰ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ አልታየም። ለይኩን በልማዱ ለቅሞ ያመጣው ድንጋይ ከአጥሩ ሥር እንደተከመረ ቀረ። ፓምፑ ሲሰበር መለዋወጫው ከጎንደር የሚመጣበት መንገድ አልነበረም። በወዲያ በኩል ደግሞ ሱዳን ተቃጠለች፤ ልጅና ፍራሽ የተሸከመ ሰው ድንበሩን በእግሩ እየተሻገረ በመንደሩ ዙሪያ ካሉት ዛፎች ሥር ሰፈረ። በዚያ ላይ የሽንፋ ወንዝ ደርቆ አሸዋ ውስጥ ገባ። አሸዋውን የሚጭር ሰው መጀመሪያ በእጁ፣ ኋላ በአካፋ፣ ኋላም እስከ ትከሻው ገብቶ ይቆፍር ጀመር።

በአንድ ቀትር እማማ ኩብራ መጡ። ከኋላቸው ጀሪካን የያዘ ብዙ ሰው፣ የመንደሩም የስደተኛውም፣ ድምፁን አጥፍቶ ይከተላል። በእማማ ኩብራ ትከሻ ላይ የድሮው ገመድ ተጠምጥሟል፤ ያን ሁሉ ዘመን ከሱቃቸው ጓዳ አስቀምጠውታል።

«ክፈት» አሉት።

ለይኩን ወደ ቢሮው ደውሎ ነበር፤ የሚያነሣ የለም። ከፈተ።

«መጀመሪያ ድንጋይ ጣል።»

ከክምሩ አንድ አንሥቶ ለቀቀው። የሚስቅ አልነበረም። ምራቁን ሊውጥ ሲል ከታች «ቋ» አለ፤ ድንጋይ ድንጋይን ሲመታው።

ለይኩን ሸሚዙን አወለቀ።

«እኔ እወርዳለሁ።»

«አሁን እኮ እፍ ብንልህ አትወርድም። የመንግሥት ደመወዝ አወፍሮሃል» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ሣቅ አልነበረም። «ገመዱን ማን ይይዝልሃል?»

ለይኩን ዞሮ አየ። ድሮ ከያዙለት ውስጥ አንዱ ሞቷል፤ አንዱ ተሰዷል፤ አንዱ ጫካ ገብቷል ይባላል። እማማ ኩብራ ወደ ስደተኞቹ ዞረው በዓረብኛ ተናገሩ። ረጃጅም፣ የከሱ ወንዶች ተነሥተው ገመዱን ያዙ። ከእጆቻቸው አንዱንም አያውቀውም። ገመዱ ሲወጠር፣ ማንም ሳይመራው፣ ከድሮው ቡርቡር ውስጥ ገብቶ ተኛ።

ሲወርድ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ነበር። መኻል ላይ ዐለቱ እንደ ክርን ይወጣል፤ ድሮ እዚያ ጋ አረፍ ይል ነበር፤ ከዚያ በታች ሌላ ያን ያህል ይቀራል። ክርኑን ሳያገኘው እግሩ መሬት ነካ። መሬት አልነበረም፤ የራሱ ድንጋዮች ናቸው፣ ክብ፣ ለስላሳ፣ ለእጅ የሚመቹ። በመኻላቸው ጎብኚ ጠጥቶ የጣለው የውኃ ፕላስቲክ ተጨፍልቋል።

ባልዲውን ሞላ፤ ጎተቱት። ሞላ፤ ጎተቱት። ከላይ ድንጋዩ ሲደፋ ይሰማዋል። ከአናቱ በላይ የነበረው ክብ ብርሃን ወደ አንድ ጎን እስኪያዘነብል ቆፈረ። ክርኑ ብቅ አለ፤ እሱንም አለፈው። ከድንጋዩ ሥር እንደ ሸክላ የደረቀ ደለል አገኘ፤ ሰበረው፤ ከሥሩ ሌላ ድንጋይ አለ። ስንጥቁ ከዚያም በታች ነው። ተንበርክኮ ጆሮውን ለጠፈ። ይህ ጉድጓድ ድሮ የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ ዓይነት የራሱ ትንሽ ድምፅ ነበረችው። ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

«ለይኩን» አሉ እማማ ኩብራ ከላይ። «ውኃ?»

ሊሳ ሊል አፉን ከፈተ። ያኔ ሊሳ ሲል ውኃው እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። አሁን አያውቅም። ቃሉን ሳያወጣ ጆሮውን መልሶ ከደለሉ ላይ ለጠፈ።

ከዚያ ገመዱን ከያዙት አንዱ በዓረብኛ የሆነ ነገር ሲጠይቅ ሰማ፤ የአሮጊቷም ድምፅ በግድግዳው ላይ እየተንከባለለ ወደ እሱ ወረደ።

«ሊሳ» አሏቸው። «ሊሳ።»

ባዶው ባልዲ ወደ ታች ተመለሰ።