ሳሎን ውስጥ የተጣበቀው ባንኮ

የነጭ ኮላ ሽታ፣ ያ እንደ ኮመጠጠ ወተት ያለው ሽታ፣ የኮሌጃችን ወርክሾፕ በር ላይ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ገና ለማንም ሰላምታ ሳልሰጥ ወደ አስር ዓመቴ ክረምት ይዞኝ ይሄዳል። ያን ክረምት ሆሳዕና ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ሶፋ አልነበረም። አባዬ መቀመጫውን ሁሉ አውጥቶ በረንዳ ላይ ደርድሮ፣ በቦታው ባንኮ፣ ማለትም አናጺ እንጨት የሚልግበትንና የሚቆርጥበትን ያን ወፍራም ጠረጴዛ፣ ይሠራ ነበር።

አባዬ በሰው ወርክሾፕ ተቀጥሮ አልጋና ቁምሳጥን ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድሙ እየደወለ «ና እንጂ፣ እዚያ ተቀምጠህ ምን ትጠብቃለህ?» ይለዋል፤ እማዬ ደግሞ ስልኩ በተዘጋ ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። በመጨረሻ አባዬ ቃል ገባላት። «የራሴን ባንኮ ለመስቀል በዓል ካቆምኩ ቤቴ ሆኜ እሠራለሁ፣ የትም አልሄድም» አላት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ባንኮው የት እንደደረሰ ነበር።

ከዝናቡ ጋር እየተሻማን እንሠራ ነበር። አባዬ የዋንዛ ጣውላዎቹን ጠርዝ ይልጋል፣ እኔ ኮላ እቀባለሁ፣ እየቀባሁም እሰደባለሁ።

«ምሕረት፣ እንደ ቅቤ ቀቢው እንጂ፤ እንደ ዓይን መድኃኒት ምን ያንጠባጥብሻል?»

እማዬ ከጓዳ ሆና፣ «እንግዳ ቢመጣ የት ላስቀምጠው?» ትላለች።

«ባንኮው ላይ ነዋ።»

«ተጣብቆ ይቅርልህ?»

የተጣበቀውን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ሞርሳ አልነበረንም። ስለዚህ አባዬ ጣውላዎቹን ከወለሉ ከፍ አድርጎ ጎን ለጎን ገጥሞ፣ እማዬ ከእንሰት የፋቀችውን ቃጫ ውሃ ውስጥ ነክሮ ዙሪያቸውን ጠመጠመና፣ በመሀሉ ዱላ አስገብቶ እያዞረ አጠበቀው። እማዬ ለቆጮ መጫኛ ያስቀመጠቻቸውን ድንጋዮችም ከጓሮ ተሸክመን አምጥተን ከላይ ደረደርናቸው። ቃጫ እርጥብ ሆኖ ሲታሰር እንደሚጠብቅ በእኛ አገር የማያውቅ የለም።

ኮላው ግን በዚያ ብርድና እርጥበት አልደርቅ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ አባዬ ምስማር ሊገዛ ገበያ ሲወጣ፣ እማዬ ቶሎ ይድረቅለት ብላ ከሰል አቀጣጥላ ማንደጃውን ከጣውላዎቹ ሥር አስገባችው። ከሰሉ ኮላውን ከማድረቁ በፊት ቃጫውን አደረቀው፤ የደረቀ ቃጫ ደግሞ ይላላል። ቆጮ እሳት አጠገብ ተጭኖ ስለማያውቅ እማዬ ይህን አይታው አታውቅም ነበር። አባዬ ሲመለስ ጣውላዎቹ በሙቀቱ ጎበጥ ብለው፣ በአንድ ጫፍ ተጣብቀው፣ በሌላው ጫፍ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከፍተው ጠበቁት።

አባዬ ጣቱን በክፍተቱ ውስጥ ቀስ ብሎ አሳለፈና በረንዳ ወጥቶ ለወንድሙ ደወለ። «ልቀር ነበር እኮ፣ እሷ አበላሸችብኝ» ሲል እኔም እማዬም ሰማነው።

በመስቀል ሰው ሁሉ ከያለበት ወደ ቤቱ ይገባል። አባዬ ግን ከጎረቤት ጋር ሥጋውን በልቶ፣ ተጫውቶ፣ በዓሉ ሲያልፍ ከአንድ ደላላ ጋር በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ጣውላው ወጥ ቤቱን ተደግፎ ቀረ። በጋው ሲገባ እማዬ ለባንኮው እግር የተዘጋጁትን ባህር ዛፎች የዶሮ ማደሪያ አደረገቻቸው። የአባዬ እህቶች ከገጠር ከሌሞ በመጡ ቁጥር «ባሏን በከሰል ያባረረች» እያሉ ይስቁባት ነበር፤ እሷ ግን ምሳ ታቀርብላቸው ነበር። እኔም የሚሉትን አምን ነበር።

ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቼ የእንጨት ሥራ መማር ጀመርኩ። አንድ ጠዋት መምህራችን መጋጠሚያው የተከፈተ ጣውላ አምጥቶ፣ መስመሩን ተከትሎ በመጋዝ ቆረጠው፣ ጠርዞቹን ላገ፣ መልሶ አጣበቀው። ለምሳ ሳንወጣ ጨረሰ። መላጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አባዬ ይህን አላወቀ ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲያጣብቅ የኖረ ሰው ነው።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ጎመን እየከተፈች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለችም።

«ይኼንንማ ያኔም አውቅ ነበር» አለች።

«ታዲያ ያ ሁሉ ሲወራብሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«በእኔ ቢያሳብብ ይሻላል ብዬ ነዋ። በገዛ ፈቃዱ ጥሎን ከሄደማ በምን ፊቱ ይመለሳል?»

አልተመለሰም።

ያኔ እሁድ እሁድ ሲደውል ስልኩን ከእማዬ እጅ ነጥቄ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ እለፈልፍለት ነበር። አሁንም ይደውላል፤ ድምፁም ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሎ፣ ጎረቤት ያለ ያህል ይሰማል። እማዬ ስልኩን ስትዘረጋልኝ ግን «እጄን ኮላ ነክቶታል በይው» እላታለሁ፤ እሷም እጄን ታየዋለች፣ ንጹሕ መሆኑን ታያለች፣ ከዚያም እንዳልኳት ትነግረዋለች።