የላንድሮቨሯ አዲስ በር

ደጎሎ ገበያ ላይ የጭነት መኪና የአባቴን ላንድሮቨር በር ገንጥሎት ሄደ። አባቴ መካነ ሰላም ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ያመላለሱባት መኪና ናት፤ እኔንም ወደ ዓረብ አገር ስሄድ የሸኙኝ በእሷው ነው። "በቃ፣ አለቀላት" አሉና ከቆራሌው ጋር ተስማሙ። ቅዳሜ መጥቶ ቆራርጦ ሊወስዳት ነው።

ደሜ ፈላ። "ኧረ ወላሂ አይሆንም! በር ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ" አልኳቸው።

"አስመጪ። ግን የተጣፈች መኪና ይዤ አልዞርም። ቀለሙ ከተለየ ለቆራሌው ናት።"

የመጣው በር በአሮጌው ልክ አዲስ የተሠራ፣ ገና ቀለም ያልነካው ነው። የሰፈራችን መኪና ቀለም ቀቢ አርብ ጠዋት ከኮፈኖው ጋር እያስተያየ አረንጓዴውን በጠበጠና ነፋበት። አገሩን ጉም ሸፍኖታል። በሩና መኪናዋ አንድ ሆነው ታዩኝ፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ረፋዱ ላይ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ስትወጣ ግን በሩ ወደ ሰማያዊ አደላ።

"አንተ ሰውዬ፣ ጉድ ሠራኸኝ!" ብዬ ጮህኩበት። የዚህ አገር ሰው ሆኖ በጉም ቀለም ያመሳስላል?

"አብሽሪ እህቴ" አለኝ። የቀረን ቀለም ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበቃው።

እሱ በሩን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ እኔ ኮፈኖው ላይ አፈጠጥኩ። አንዱ ቦታ ገርጥቷል፣ ሌላው ጠቁሯል። ከየቱ ጋር ነው የምናመሳስለው? በንዴት የፊት መስታወቱን ዙሪያ የያዘውን ጎማ ጫፉን ይዤ ሳብኩት። ከሥሩ ፀሐይ ያልነካው አረንጓዴ ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ ልክ እንደ ጎመን።

"ይኼንን አድርገው" አልኩት።

"ከቀረው አካሏ ጋር አይገጥምም እኮ!"

"አይግጠም። የራሷ ቀለም ይኼ ነው።"

ቅዳሜ ከቀለም ቀቢው ጋር ስንጠብቅ ቆራሌው መጋዙን ይዞ ከአባቴ ጋር መጣ። በሩ ፀሐይ ላይ ያበራል፤ የቀረው መኪና አጠገቡ አመድ መስሏል። ያረቢ፣ ገደልኳት አልኩ በሆዴ። አባቴ ዞሯት። በሩ ጋ ቆሙ፣ ኮፈኖውን አዩ፣ ተመልሰው በሩን አዩ።

"ከየት አመጣችሁት?"

"ከራሷ ነው አባ፣ ከመስታወቱ ጎማ ሥር። ይዩት።"

ጎንበስ ብለው አዩት። "ስገዛት እንዲህ ነበረች" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ቆራሌው ቸኩሏል። "እንግዲህ ቀለሙ ተለያይቷል፤ እንጀምር?" አለ።

አባቴ ወደ ቀለም ቀቢው ዞረው "የቀረውንስ መቼ ነው የምትቀባው?" አሉት።