ጋሼ የመረጡት ትንሽ ማጉያ

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። አሰላ መብራት ከገባላት ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከክራርና ከማሲንቆ ተጫዋች ጓደኞቻቸው ጋር እየተቀባበሉ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ለጊታሩ የድምፅ ማጉያ ሊገዙ አዲስ አበባ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ባለሱቁ ትልቁን ከፍቶ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። እሳቸው ግን ትንሹን አስወርደው፣ እስከ መጨረሻው ከፍተው ሞከሩት። ድምፁ ሻከር፣ ሞቅ ያለ ነበር።

«ጋሼ፣ ትልቁ አይሻልዎትም?»

«ትልቁ ካልጮኸ ድምፁ አይሞቅም፤ ሲጮኽ ደግሞ ክራሩን ይውጠዋል። ጓደኛዬን ካልሰማሁት ምን ብዬ እመልስለታለሁ?»

ይህን ጥያቄ በጨዋታም በወሬም መሀል ይሉት ነበር።

ጥቅምት ላይ ቀበርናቸው። ከጎበሳም ከዴራም ሰው መጣ። እኔ ዕቃ አጠብኩ፤ የተዋስነውን ወንበር መለስኩ። እንባ አልመጣልኝም፤ አሁንም አልመጣም።

ከአርባቸው በኋላ ጓደኞቻቸው ቤታችን ተሰበሰቡ። ክራር ተጫዋቹ አንድ ዜማ ጀመረና የጋሼ ተራ ሲደርስ እጁን ከክሩ ላይ አነሳ። ሁላችንም ጠበቅን።

«ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ። ከዚያም የእሳቸውን ተራ ባዶውን አሳልፎ የራሱን ቀጠለ።