የስድስተኛዋ መምህርት ማመልከቻ

ከሲሚንቶ ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት የሚወራው እንዲህ ነው፤ አዲሷ መምህርት የዝውውር ማመልከቻዋን ተማሪዎቿ ፊት ብጭቅጭቅ አድርጋ ቀደደችው፤ «እናንተን ጥዬ የት እሄዳለሁ!» ብላ አለቀሰች፤ ዕንባዋም የክፍሉን አቧራ አጠበው። የመጨረሻዋን ማን እንደጨመራት አይታወቅም። ያንን አቧራ እንኳን የአንዲት ቀጭን መምህርት ዕንባ፣ ሦስት ክረምት ዘንቦበትም ንቅንቅ አላለም።

እስቲ የምናውቀውን እናውራ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች አሥራ አንድ ናቸው። እሷ በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስተኛ መምህራቸው ናት። ከእሷ በፊት ከነበሩት አምስቱ አንዱ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ ሳያራግፍ አውቶቡስ ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ ልጆቹ የመምህር ስም መያዝ ትተዋል፤ «ስድስተኛዋ» ይሏታል። ስትጠይቃቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ብታስተምር ይሻላት ነበር፤ ግድግዳ ቢያንስ ያስተጋባል።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ ወረቀት አለቀበት። እሷም ቤቷ ከተከመረው የተጻፈበት ወረቀት ምን እንደሆነ ሳታይ አንስታ፣ ጀርባው ላይ የሂሳብ ፈተና ጽፋ አደለች። ወረቀቱ የዝውውር ማመልከቻዋ ረቂቅ ነበር። ለክፍሉ በሙሉ የተዳረሰው አሥራ አንድ ጊዜ ጽፋ ስለሰረዘችው ነው።

ልጆቹ ወረቀቱን ገለበጡት። አነበቡት። መምህርቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያኔ «ዳኛዋ» የሚሏት ልጅ እጇን አወጣች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ የታየ የመጀመሪያው እጅ ነው።

«ቲቸር፣ ይሄ አይሠራም።»

«ምኑ?»

«‹አየሩ አልተስማማኝም› ያሉት። ሦስተኛውም እንደዚህ ብሎ ተመልሶበታል።»

«‹ቤተሰቤ ናፈቀኝ›ም አይሠራም» አለ ከኋላ አንዱ። «‹ያልናፈቀው ማን አለ?› ብለው ይስቁብዎታል።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ሳንባ ይበሉ» አለች ዳኛዋ። «የሐኪም ወረቀት ያያይዙበት። አባዬን ከፋብሪካው ከረጢት መሙያ ክፍል ያሰናበቱት በሱ ነው። አሁን ቤት ተኝቷል።»

ማንም አልሳቀም። ፈተናው ቀረና አሥራ አንድ ልጆች ማመልከቻ ሲያርሙ ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ ክፍሉ አፉን ፈታ። ክፍልፋይ ገባቸው፣ የቤት ሥራ ሠሩ፣ ወንድም እንዳላት ጠየቋት። በስሟም መጥራት ጀመሩ። እሷም ከትምህርት ስትወጣ የዳኛዋን አባት ጎራ ብላ ትጠይቃለች፤ ሰውዬው «እግዜር ይስጥልኝ»ን በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አቅቶት ለሁለት ይከፍለዋል። የሻይ ቤቱ ወሬ የተፈለፈለው ይህን አይቶ ይመስላል።

ትናንት ሻይ ልትጠጣ ስትገባ አስተናጋጁ አላስቀመጣትም።

«ቲቸር፣ ማመልከቻውን ቀደዱት አሉ! እንዴት ያለ አንጀት ነው በማርያም!»

«አልቀደድኩትም» አለች። «አላለቀስኩምም። ልጆቹ ባረሙልኝ መሠረት አስገባሁት። ሐኪሙም ደረቴን አዳምጦ ሳይከራከር ጻፈልኝ። ጸድቋል፤ ሰኞ እሄዳለሁ።»