የብርድ ልብሱ ሌላኛው ጫፍ

ልብስ ሰፊዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርድ ልብስ ብቻዋን ጨምቃ አታውቅም። የራሰ ብርድ ልብስ በአንድ ሰው የሚጨመቅ ነገር አይደለም። አንዱ በዚህ ጫፍ ይይዛል፣ ሌላው በዚያ፤ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ እየጠመዘዘ ውሃው እግር ላይ ይንዠቀዠቃል።

የእሷን ብርድ ልብስ ሌላኛ ጫፍ የምትይዘው ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቷ ነበረች። ዳቦ ቤት ሊጥ ስታቦካ የኖረች ሴት ናት፤ ክንዷን ያየ ሁሉ ጉልቤ ይላታል፣ እሷም ስሙን ወዳዋለች። ሁለቱ ለጠብ ሰበብ አጥተው አያውቁም። በልብስ ማስጫ ገመድ ይጣላሉ፣ በደረጃ ጠረጋ ይጣላሉ፣ አንድ ጊዜማ በአንዲት ድመት የተነሳ ሦስት ሳምንት ተኳርፈዋል። ታዲያ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሲደርስ ብርድ ልብሱ ግቢው ቧንቧ ሥር ተዘፍዝፎ ይጠብቃል። ልብስ ሰፊዋ ወደ ላይ ቀና ብላ "ብርድ ልብስ አለኝ" ትላለች። ጉልቤ ሳትመልስ ትወርዳለች። ጨምቀው ሳይጨርሱ አንዷን ሳቅ ያመልጣታል፣ በቃ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከሁለቱም አፍ ወጥቶ አያውቅም፤ አያስፈልግማ።

ከዚያ ማጠቢያ ማሽን መጣ። የገዛችላት ልጇ ናት፣ "እማዬ፣ ወገብሽን አሳርፊው" ብላ። እውነቱን ለመናገር ወገቧ አርፏል፤ ማሽን መርገም የሚቀልለው በክረምት በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ ለማያውቅ ሰው ነው። ጉልቤ ልታይ ወርዳ ክዳኑን ከፈት ዘጋ አደረገችና፣ "ይጨምቃልም?" አለች።

"ይጨምቃል እንጂ። ከእንግዲህ አንቺም እረፊ።"

ለበጎ ብላ የተናገረችው ነው። ግን አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጉልቤ ክዳኑን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አልወረደችም። ልብስ ሰፊዋ ኩርፊያ መሆኑ ገብቷታል። ስንት ኩርፊያ ያየች ሴት፣ ይበርዳል ብላ ተወችው። ምን እንደሚያበርደው ግን አላሰበችም። በሳምንቱ ልጇ ወለደችና ልብስ ሰፊዋ አንድ ወር ልጇ ቤት ሰንብታ ስትመለስም ጉልቤን ደረጃው ላይ አላገኘቻትም። "ትኩራ!" አለች። ቅዳሜዎቹ አለፉ፤ ማሽኑ ይዞራል፣ እሷ ቁጭ ብላ ታየዋለች። አምስት ወር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑ ብርድ ልብሱን እያሽከረከረ ሳለ መብራት ጠፋ። ጠበቀች፤ አልመጣም። አወጣችውና አንዱን ጫፍ ከበሩ እጀታ ጋር አስራ ለመጠምዘዝ ብትሞክር እጀታው ተነቅሎ መጣ። ብቻዋን ሳቀች። ሳቋን የሚጋራት አጣች። ብርድ ልብሱን በሳፋ ተሸክማ፣ በየደረጃው እያረፈች ወጣች።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ። ብርድ ልብስ አለኝ።"

ከውስጥ እግር ሲጎተት ተሰማ። በሩ ሲከፈት ጉልቤ ቆማለች፤ ያ ሊጥ ያንበረከከ ቀኝ ክንዷ በሻርፕ ታስሮ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

"መቼ ነው?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ልጅሽ ዘንድ ሳለሽ። ግማሽ ጎኔን ያዘኝ። የእህቴ ልጅ እየመጣች ታየኛለች።"

"እንዴት አታስጠሪኝም?"

"እረፊ ብለሽኝ የለም እንዴ?" ጉልቤ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አንዱ የከንፈሯ ጠርዝ ብቻ እሺ አለ። "ይኸው አረፍኩ።"

ልብስ ሰፊዋ ገብታ ሳፋውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከራሷ በላይ ሰው ታሞ ተኝቶ እሷ ከታች የማሽን ዙር ስትቆጥር ከርማለች። ጸጸቱ አንገበገባት።

ጉልቤ ግን ወንበር ላይ ተቀምጣ ግራ እጇን ዘርግታለች። "አምጪ፣ ጫፉን ስጪኝ።"

ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ስትጠመዝዝ ጫፉ ከጉልቤ እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም አመለጠ። ሦስተኛው ላይ የኮሪደሩ አምፖል ቦግ አለ፤ ከታች ማሽኑ ባዶውን መዞር ሲጀምር ይሰማል።

"መብራት መጣ" አለች ጉልቤ። "ውሰጂው፣ እሱ ይጨርስልሽ።"

"ዝም ብለሽ ያዢ" አለች ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች።

ብርድ ልብሱ ከነውሃው ተሰጣ፤ እስከ ማግስቱ ድረስ ሲንጠባጠብ ነበር።