ሳጃና ግቢያችን ውስጥ የተለማመድኩት ኢንተርቪው

የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴ ሊያልቅ ሲል ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። የቢሮው ሥራ ዕዳ መግዛትና መሸጥ ነው። የሚገዛው ግን የደህና ድርጅት ዕዳ አይደለም፤ ይከፈል አይከፈል ያልታወቀውን ነው። አበዳሪው ተስፋ ሲቆርጥ የመቶውን ዕዳ በሠላሳ ወይም በአርባ ይለቅላቸዋል። እነሱ ደግሞ ተበዳሪው እስኪያገግም ይጠብቃሉ፤ ካልሆነም ከነሱ የበለጠ ተስፋ ላለው ሰው ይሸጡታል። ከሰዓት በኋላ እየገባ የተበዳሪዎቹን ወረቀት የሚያነብ፣ አማርኛ፣ አረብኛና እንግሊዝኛ የሚችል ጀማሪ ተንታኝ ይፈልጉ ነበር። ማስታወቂያውን ያየሁት ጀመዓችን፣ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ ግድግዳ ላይ ነው።

ሥራውን ካላገኘሁ ምን እንደሚከተል አስቀድሞ ተወስኗል። ለሁለተኛ ዓመት የሚከፈል ገንዘብ የለንም። አክስቴ ከከተማው ዳር ሶባ ውስጥ አዳሪ ሠራተኛ የምትፈልግ ማዳም አግኝታልኛለች፤ ሴትዮዋም እስከ ዓርብ ልትጠብቀኝ ተስማምታለች። ከሶባ እየተመላለሱ መማር አይቻልም። የሃፍላው፣ የአውቶቡሱ፣ መንገድ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ማዳሟ ደግሞ የምትሰጠኝ ግማሽ ቀን የላትም።

«ሥራው ክፉ አይደለም» አለች አክስቴ፤ እሷ ራሷ ከወሎ ከመጣች ጀምሮ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። «ግን መጀመሪያ ኢንተርቪውሽን እንይ።»

እኛ በምንኖርበት ሰፈር፣ ሳጃና ውስጥ፣ ኢንተርቪው የሚለውን ቃል የማያውቅ ሐበሻ የለም። ስደተኞች ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ የሚጠየቁት ጥያቄ ነው። ሌላ ዓይነት ኢንተርቪው መኖሩን ብነግራቸውም ልዩነቱ ማንንም አላሳሰበም። አጠገባችን ያለው ክፍል ውስጥ የሚኖሩት ጋሼ፣ የጎንደር ሰው፣ በዚህ ነገር አዋቂ ናቸው ይባላል፤ ከሁላችንም የበለጠ ተጠይቀዋል። እስካሁን አላለፉም። ይህን እንደ ጉድለት የሚያይባቸው የለም።

ከሥራ ሲመለሱ አንገሬባቸው፣ የገመድ አልጋቸው፣ ላይ ተቀምጠው ፊት ለፊታቸው አቆሙኝ።

«የተወለድሽበት ቀን?»

«ጋሼ፣ የሚጠይቁኝ ስለ ዕዳ ነው።»

«ማን መሆንሽን ሳያጣሩ ስለ ዕዳ አይጠይቁሽም። ቀኑን!»

ነገርኳቸው። ስለ ሙቀቱ ትንሽ አወሩና ድንገት ደግመው ጠየቁኝ። ያንኑ ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው። ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገቡ።

«ይሄ ድርጅት ዕዳውን ይከፍላል?»

«የሚከፍል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም...»

«ይመስለኛል አይባልም! ይመስለኛል ያሉት ሁሉ እዚሁ ናቸው።»

«እርስዎስ ምን ብለው ነው የቀሩት?» አለች አክስቴ፣ ልብስ እያሰጣች።

«እኔማ ውሃ ጠጥቼ ነው። ሲጠይቁኝ ብርጭቆ አነሳሁ። የሚጠጣ ሰው ውሸት እየፈጠረ ይመስላል።» ወደ እኔ ዞሩ። «ውሃ ቢሰጡሽ እንዳትነኪ።»

ዋናውን ሕግ የነገረችኝ ግን አክስቴ ናት። አንዴ ያልሽውን አትቀይሪ። እሷ በመጀመሪያው ኢንተርቪው ድንበር የተሻገርኩት በመጋቢት ነው አለች። በሁለተኛው፣ ቤት ሆና በደንብ ስታስበው ሚያዝያ ሆኖ ስላገኘችው፣ እውነቱን ለመናገር ብላ አረመች። ኬዟ ተዘጋ። «ወላሂ ሚያዝያ ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ። «ግን መጋቢት ማለት ነበረብኝ።»

ስለዚህ በአንድ ምናባዊ የዘይት ፋብሪካ ተለማመድን። ዕዳውን ከመቶው በአርባ እገዛለሁ አልኩ። «እርግጠኛ ነሽ?» ይሉኛል ጋሼ። አርባ። «ሌላ ሰው እንዲህ አልነገረንም።» አርባ። አክስቴም ሳላስበው ከጓዳ ትጠይቀኛለች። አርባ።

በቀጠሮው ቀን የጠየቀኝ ዱባይ ሲሠራ የቆየ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሱዳናዊ ነበር። ውሃ አስቀመጡልኝ፤ አልነካሁም። የተወለድኩበትን ቀን አልጠየቀኝም። ስለ አንድ የሰሊጥ ዘይት ፋብሪካ የተጻፈ ወረቀት ሰጥቶኝ እስካነብ ጠበቀ። መሬት አለው፣ ማሽን አለው፣ ገበያው ቀዝቅዟል። ዋጋ ጠየቀኝ።

«አርባ» አልኩ፤ ምክንያቴንም በእንግሊዝኛ አስረዳሁ። በሐሳቤ ተስማማ።

«ጥሩ። ትናንት ማሽኑ ተቃጠለ እንበል። አሁንስ?»

«አርባ።»

«ኢንሹራንስ አልነበረውም።»

«አርባ።»

«ባለቤቱም ከአገር ወጥቷል።»

ሦስተኛው መሆኑ ነው። ግቢው ሁሉ ቢያየኝ ብዬ ተመኘሁ። «አርባ» አልኩ፣ ዓይኔን ሳልሰብር።

መነጽሩን አወለቀ። ሲደክመው አረብኛ ይናገራል መሰለኝ፣ ወደ አረብኛ ዞረ።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ምን ቢነገርሽ ነው ዋጋሽን የምትቀይሪው?»

«ቃሌን አልቀይርም።»

«ለምን?»

ይህን አልተለማመድነውም።

«እኔ ሰው የምቀጥረው እንዲቀይር ነው» አለ። «ጠዋት ያለውን ከሰዓት የማይቀይር ሰው ገንዘቤን ጨርሶ ነው ቤቱ የሚገባው።» ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ።

ሲሰበስብ የሶባ መንገድ ታየኝ። «አሥራ ሁለት» አልኩ።

እጁ ቆመ። «ከየት መጣ?»

«የቀረው መሬቱ ብቻ ነው። ባለቤቱ ስለሌለ ለመሸጥ ፍርድ ቤት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ይቆያል። ይሸጥ አይሸጥ አላውቅም። ግን ከአሥራ ሁለት በላይ አልከፍልም።»

«እኔ አሥር ነበር የምለው» አለና ወረቀቶቹን መልሶ ዘረጋቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ጠየቀኝ፤ አንዳንዱን ትክክል መለስኩ። መጨረሻ ላይ «ኢንሻአላህ ቅዳሜ ከሰዓት ነይ፤ ሦስት ወር እንሞክርሽ» አለኝ።

አክስቴ የምትሠራበት ቤት ለቢሮው ቅርብ ነው። በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ተቀበሉኝ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ሳመችኝና ወዲያው ድምጿን ቀነሰች። «ቃልሽን አልቀየርሽም አይደል?»

«ቀየርኩ።»

«ስንቴ?»

«አንዴ። ከአርባ ወደ አሥራ ሁለት።»

«እፊቱ?»

«እፊቱ።»

የመጣሁበትን መንገድ አየች፤ የሚከተለኝ ሰው አልነበረም።

«አላስተዋለው ይሆናል» አለች። ወደ ውስጥ ገብታ የቤቱን ባለቤት ስልክ አስፈቀደችና፣ የሶባዋን ማዳም እስከ ቅዳሜ ማታ እንድትጠብቀን ለመነቻት።